«ችግኝ መሰጣጠት ይቁም» ለሚሉ አባሎቻችን የተሰጠ መልስ



እንደሚታወቀው ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ 11 አባላት የፈረሙበት አንድ ወረቀት ለኮሚቴው ቀርቧል። ወረቀቱ በአጭሩ የሚለው፣ ከእንግዲህ ወዲህ በማኅበሩ ስም የሙዝ፣ የእንሰት፣ የቡና፣ የማንጎም ሆነ የሌላ ተክል ችግኝ ከግቢ ወደ ግቢ እንዳይተላለፍ፣ መትከል የፈለገ ሰው ከነጋዴ ገዝቶ እንዲተክል፣ ማኅበሩም የቀብርና የመንገድ ጉዳይ ብቻ ይዞ እንዲቀመጥ ነው። በዕለቱ መሽቶም ስለነበር፣ ዝናቡም ስለመጣ፣ መልስ ሳንሰጥ ተበተንን። ዝም ማለታችንን እንደ መስማማት የቆጠሩት አሉ፤ በየቡናው ላይ «ኮሚቴው አምኗል» እየተባለ ነው አሉ። አላመንንም። ያመንነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ከሁሉ በፊት እንናገረው።

ጥፋቱ የኛ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት በሰኔ ወር ለ23 ቤት የሙዝ ቡቃያ አከፋፈልን። ቡቃያውን ያወጣነው ከአንድ የኮሚቴ አባል ጓሮ ነው። እናቲቱ ሙዝ አንድ ሁለት ቅጠሏ ቢጫ ብሎ ጎንበስ ብሎ ነበር። አይተነዋል። «ውሃ ጠምቷት ነው» ብለን አለፍን። እንግዲህ በጅማ፣ በሰኔ፣ ሙዝ ውሃ ጠማው! ይህን ያልነው ሰዎች ነን ዛሬ መልስ የምንጽፈው። አንድ ገጀራ ይዘን ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ግንድ እየዞርን ቆረጥን፤ ገጀራውን አንድ ጊዜ እንኳን አልጠረግነውም። ሸክሙን በጋሪ አድርገን በየቤቱ አደልን፤ ተመረቅን፤ ደስ ብሎን ገባን።

በዓመቱ ከ23ቱ ቤት በ9ኙ ሙዙ ጠወለገ። በ4ቱ ደግሞ በሽታው ወደ እንሰቱ ዞረ። ከነዚህ አንዷ ሁላችንም የምናውቃቸው፣ ልጆቻቸው ርቀው የሄዱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እናታችን ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ 14 እንሰት ነበራቸው። እንሰት ማለት ለእሳቸው ጌጥ አይደለም፤ ጉልበት ሲያጡ የሚበሉት፣ የክፉ ቀን ጎተራቸው ነው። ከ14ቱ የቀረው 3 ነው። ይቅርታ ልንጠይቅ ስንሄድ ቡና አፈሉልን። «የአላህ ሥራ ነው ልጆቼ» አሉን። የአላህ ሥራ አልነበረም፤ የኛ ገጀራ ሥራ ነበር። ይህንኑ እዚያው ነግረናቸዋል፤ አሁን ደግሞ በሰሌዳው ላይ ለሁሉም እንነግራለን።

ስለ በሽታው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በስብሰባው ላይ አንዱ «የመሬቱ መክሸፍ ነው»፣ ሌላው «የማዳበሪያው ነው»፣ ሦስተኛው «ዓይን ነው» ሲል ሰምተናል። ይህ የእንሰት አጠውልግ የሚባለው በሽታ ነው። ባክቴርያ ነው፤ በዓይን አይታይም። በአገራችን በእንሰት ላይ በሳይንስ ተጽፎ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ በሙዝ ላይ ደግሞ በ1974። ከዚያ ወዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 ዩጋንዳ ውስጥ ታይቶ፣ ሙዝ የዕለት እንጀራው የሆነውን ያንን ሁሉ የታላላቅ ሐይቆች አገር አዳርሷል። ምልክቱ ቅጠሉ ቢጫ ይሆንና ይጠወልጋል፤ የመሐሉ ቅጠል ይጎብጣል፤ ሙዝ ከሆነ ፍሬው ያለ ጊዜው ይበስላል፤ ፍሬውን ስትቆርጡት ውስጡ ቡናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የቅጠሉን አንገት ወይም ግንዱን ቆርጣችሁ ትንሽ ብትጠብቁ ወደ ቢጫ የሚያደላ ፈሳሽ ከቁስሉ ላይ ጠብ ይላል። ይህን ያያችሁበት ተክል አለቀለት። መድኃኒት የለውም፤ የሚረጭ ነገር አምጥቼላችኋለሁ የሚል ሰው ቢመጣ በር ዝጉበት። የሚተላለፈውም በታመመ ቡቃያ፣ ባልጸዳ ቢላዋና ገጀራ፣ በሙዙ አበባ ላይ በሚያርፉ ነፍሳትና በየሜዳው በሚጣለው የታመመ ቅጠል ነው። ዓይን ነው ላልከው ወንድማችን፣ ዓይን ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ ገጀራ ላይ አይጣበቅም።

እንግዲህ 11ዱ አባሎቻችን ይህን አይተው ነው «ይቁም» ያሉት። ከመካከላቸው 3ቱ ተክላቸው ያለቀባቸው ናቸው። ለእነሱ የምንሰጠው መልስ ይቅርታ ነው፤ ቀጥሎም ደኅና ችግኝ ነው። ለቀሩት 8 ግን እውነቱን ሳንደብቅ ብንናገር ቅር አይበላቸው። ከ8ቱ 6ቱ ጓሯቸውን ሰርቪስ ቤት ሠርተው አከራይተውበታል፤ የቀረውንም ሲሚንቶ አፍስሰውበታል። ማከራየት መብታቸው ነው፤ ኑሮው እንዴት እንደሆነ እናውቃለን፤ ልጅ የሚማረው በኪራይ ነው። ሲሚንቶ ላይ ግን ሙዝ አይታመምም። የማያጠፋ ሰው የማይተክል ብቻ ነው። ስለ ጓሮ ደንብ ለማውጣት ጓሮ ያለው ሰው ይቅደም።

«ከነጋዴ ይገዛ» የሚለውን እንይ። ማን ይገዛል? የመንግሥት ሠራተኛው ይገዛ ይሆናል፤ ነጋዴው ይገዛል። ጉሊት ተቀምጣ ቲማቲም የምትሸጥ እህታችን ለአንድ የተዳቀለ አቮካዶ የሚጠየቀውን ብር ከየት ታመጣለች? እሷ ጓሮ ያለው ፓፓያ ከማን መጣ? ከጎረቤቷ ነው። ቡናዋስ? ጎረቤቷ ከዛፉ ሥር የበቀለውን ነቅላ ሰጥታት ነው። በዚህ ከተማ ከኪቶ እስከ ጅሬን፣ ከሄርማታ እስከ ቦቾ ቦሬ ያለው ጓሮ ሁሉ የቆመው በገንዘብ አይደለም፤ «ይቺን ውሰጂና ትከያት» በሚል ቃል ነው። አዲስ ቤት የገባ ሰው ከእቃው በፊት ቡቃያ ይገባለት ነበር። ይህን አቁሙ ማለት ድሀውን ጓሮህን አራግፍ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

የተገዛ ሁሉ ደግሞ ጤነኛ ይመስላቸዋል! አንድ አባላችን ባለፈው ክረምት ከመንገድ ዳር 4 «የተዳቀለ» አቮካዶ ገዛ። ግንዱ ላይ ላስቲክ ተጠምጥሟል፤ ያምራል። ሊተክል ሲል ላስቲኩን ቢፈታው ሥሩ ምንም የለም። ከፍሬ የበቀለ ተራ ችግኝ ነው፤ ላስቲኩ ብቻ ነው የተዳቀለው። በደንብ የተዳቀለ ችግኝ መጋጠሚያው ላይ ቆዳው ሁለት ዓይነት ሆኖ፣ የተያያዘበት ጠባሳ በግልጽ ይታያል፤ ሳትፈቱ አትክፈሉ። ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ ብዙ ዓመት ያስጠብቃችኋል፤ ሲያፈራም እናቱን ላይመስል ይችላል። እሱ እንግዲህ ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ይተካል። በሽታውስ? ማንጎን ቅጠሉን ነጭ በነጭ የሚያለብሰውን፣ ፍሬው ላይ ደግሞ ሐምራዊ ምልክት የሚተውበትን ተባይ ሁላችሁም አይታችኋል። ይህ ነፍሳት በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ጉቶ ጊዳ ውስጥ፣ በአንድ ትልቅ የማንጎ እርሻ ላይ ነው። እናቲቱ ነፍሳት አትበርም፤ ከቅጠል ላይ ተጣብቃ ትቀራለች። ጫጩቶቿን ነፋስ ጥቂት ይወስዳቸዋል፤ ሩቅ አገር የሚያደርሳቸው ግን መኪና ላይ የተጫነ ችግኝ ነው። ከጎረቤት ጓሮ እስከኛ ጓሮ አጥር ነው ያለው፤ ከነጋዴው ጓሮ እስከኛ ስንት ወረዳ እንዳለ ማን ያውቃል? የጎረቤታችንን እናት ተክል ሄደን ማየት እንችላለን። የነጋዴውን እናት ተክል ማን አይቷት ያውቃል?

ዝንጅብልንም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2011ና በ2012 በአገራችን ደቡብና ደቡብ ምዕራብ ዝንጅብሉን የፈጀው አጠውልግ በዘር ዝንጅብል ተጭኖ ነው የዞረው። ሻጭና ገዢ ገበያ ላይ ተገናኝተው፣ በኪሎ ተመዝኖ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «እያንዳንዱ የራሱን ይትከል፣ ከሰው ጋር ምን አገናኘው» የሚል ንግግር በስብሰባው ላይ ተደርጎ ተጨብጭቦለታል። ተናጋሪውን እናከብራለን፤ ታላቃችን ናቸው። ግን ጋሼ፣ ፓፓያዎን ያስታውሱ። እርስዎ ከሦስት ዓመት በፊት በአጥርዎ ጥግ የነበረውን ፓፓያ «ወንድ ነው፣ አያፈራም፣ ቦታ ያዘ» ብለው አስቆረጡት። ልክ ነው፣ ወንድ ፓፓያ አያፈራም። ግን በሚቀጥለው ወቅት በእርስዎ ረድፍ ያሉት ቤቶች ሴት ፓፓያዎች አበባቸውን ማራገፍ ጀመሩ፤ የያዘውም ፍሬ ትንንሽ ሆነ። ማን ያስረግዛቸው? በዙሪያው የነበረው ወንድ እሱ አንዱ ነበር። ወንድና ሴት በአንድ አበባ ላይ የሆነለት ፓፓያም አለ፤ እሱ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ሌላው ግን በጎረቤቱ ነው የሚያፈራው።

አቮካዶም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም የሱ ይገርማል። አንዱ አበባ ሁለት ቀን፣ ሁለት ጊዜ ይከፈታል። መጀመሪያ ሲከፈት ሴት ሆኖ ነው፤ ይዘጋል፤ በማግስቱ ሲከፈት ወንድ ሆኖ ነው። አንዳንዱ ዓይነት፣ ለምሳሌ ሃስ የሚባለው፣ ጧት ሴት ከሰዓት በኋላ ወንድ ነው፤ ሌላው፣ ለምሳሌ ፉዌርቴ፣ ጧት ወንድ ከሰዓት በኋላ ሴት ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ብቻውን ከሚቆም ሁለቱ ተቀራርበው ቢቆሙ ንቡም ሥራውን በደንብ ይሠራል፤ ፍሬውም ይበረክታል። በአንድ ትንሽ ግቢ ሁለት አቮካዶ ለማቆም ቦታ የለንም። በሁለት ግቢ ግን አለን። ንቡ አጥር አያውቅም፤ የቤት ካርታም አይጠይቅም። ስለዚህ አንዱን ዓይነት ለጎረቤቱ የሰጠ ሰው ምጽዋት የሰጠ አይምሰለው፤ ለራሱ ዛፍ ነው የተከለው።

ቡናንማ ለዚህ ከተማ ሰው ማስረዳት ያሳፍራል፤ ግን የተረሳ ነገር ስላለ እንናገር። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ፣ ሲቢዲ የሚሉት፣ በአገራችን ታየ። አረንጓዴውን ፍሬ አጥቁሮ የሚያደርቀው ነው። በዚያን ጊዜ የኛ አባቶች ፍሬው ዛፉ ላይ ሲጠቁር ቆመው አይተዋል። ታዲያ መድኃኒቱ ከየት ተገኘ? ከውጭ አገር በመርከብ አልመጣም። ከጅማ በአጋሮ መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የመልኮ ምርምር ሰዎች በሽታው ባለበት አገር እየዞሩ፣ ከሚሞቱት መካከል ሳይታመም የቆመውን ዛፍ ፈለጉ። አገኙም። ዛሬ ችግኝ ጣቢያ ስትሄዱ 741፣ 74110፣ 74112 እየተባለ የሚጠራው ቡና ያ ነው። 74 የሚለው የተመረጠበት የአውሮፓ ዓመት ነው። 741 ከጌራ ነው፤ 74110ና 74112 ከመቱ አካባቢ ናቸው። የሰውና የጫካ ቡና ነበሩ፤ ስማቸውን የሚያውቅ ባለቤት ያልነበራቸው። በዚያ ዘመን ሁሉም ሰው ከአንድ ሻጭ አንድ ዓይነት ችግኝ ገዝቶ ተክሎ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ባንድ ላይ ይጠቁር ነበር፤ የሚመረጥም አይገኝም ነበር። ያዳነን እያንዳንዱ ጓሮ የተለያየ ቡና መያዙ ነው። የተለያየ ቡና የያዘው ደግሞ ከአክስት፣ ከአማች፣ ከጎረቤት እየተሰጠ ስለመጣ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ወጣት አባላችን «ሰጠን ሰጠን ምን አገኘን? ጌሻን ሰጥተን ፓናማ ከበረችበት» ብሎ ነበር። ጥሩ ተናግሯል፤ እሱን ከቀሩት ለይተን እናመሰግነዋለን፤ ጋዜጣ ያነባል ማለት ነው። እውነት ነው፤ ያ ቡና እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ አገራችን ከጌሻ በኩል ተለቅሞ ወደ ኬንያና ታንጋኒካ ሄደ፤ በ1953 ኮስታ ሪካ ገባ፤ ከዚያ ፓናማ፤ በ2004 በውድድር አንደኛ ወጥቶ ዓለምን ጉድ አሰኘ። ግን ልጄ፣ ልብ ብለህ እየው። ከኛ ጋር የቀረው ጌሻ የሚለው ስሙ ብቻ ነው፤ ያንንም ስም ባይዝ ኖሮ ከየት እንደሄደ ዛሬ ማን ያወራ ነበር? ስለዚህ ከዚህ የምንማረው አትስጡ የሚል አይደለም። ስትሰጡ ጻፉ የሚል ነው። እኛ የተሳሳትነው እዚህ ላይም ነው። ባለፈው ስናከፋፍል ምንም ደብተር አልነበረንም፤ በሽታው ሲነሳ የወሰዱትን 23 ቤቶች ለማወቅ በየበሩ እያንኳኳን ሦስት ሳምንት ፈጀብን። በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ ስንት ቢላዋ ስንት ግንድ ቆረጠ?

ስለዚህ ኮሚቴው «ይቁም» የሚለውን ሐሳብ አልተቀበለም። በፊት እንደነበረው ይቀጥል የሚሉትንም አልተቀበለም፤ እነሱም አሉና። ችግኛቸውን እንይላችሁ ስንላቸው የሚቆጡ፣ «የኔን ጓሮ ነው የምትጠረጥሩት?» የሚሉ ሰዎች አሉ። አዎ፣ እንጠረጥራለን። ከኮሚቴው ጓሮ የወጣ በሽታ ከማን ጓሮ አይወጣም? ሊጥሉት ያሰቡትን የታመመ ተክል ለድሀ ሰጥተው የሚመረቁም አሉ፤ ስም አንጠራም፤ ያውቁታል።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ እንዲሰጥበት የምናቀርበው የሚከተለው ነው። የሙዝም ሆነ የእንሰት ቡቃያ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ሰዎች እናት ተክሏን ሄደው ያያሉ፤ አንድ ቅጠል ቆርጠውም ፈሳሹን ይጠብቃሉ። አጠውልግ ከታየበት ግቢ፣ ሌላው ተክል ደኅና ቢመስልም እንኳን፣ ቡቃያ አይወጣም። ገጀራና ቢላዋ ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ሲዞር እሳት ላይ እስኪግል ይያዛል፤ ወይም በበረኪና ይታጠባል። በዘለላው ጫፍ ላይ የሚንጠለጠለው ቀዩ የሙዝ አበባ የመጨረሻው ፍሬ ከያዘ በኋላ በባላ እንጨት ተጠምዞ ይሰበራል እንጂ በቢላዋ አይቆረጥም፤ ነፍሳቱ በሽታውን የሚያገቡት በዚያ ነውና። የታመመው ከነሥሩ ተነቅሎ እዚያው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል። ለላም አይሰጥም፤ ቦይ ውስጥ አይጣልም፤ አውቱ ወንዝም አይጣልም፤ ይህን በተለይ ለወንዝ ዳር ሰዎች እናሳስባለን። በዚያ ቦታ ላይ ቢያንስ ለግማሽ ዓመት ሙዝና እንሰት አይተከል፤ ጎመን፣ ቦሎቄ ይዘራበት። ከቡና ሥር አረም ስትመነጥሩም ገጀራው ግንዱን እንዳያቆስለው ተጠንቀቁ፤ ቡናን ከነግንዱ የሚያደርቀው በሽታ በዚያ ቁስል ይገባል። ዝንጅብል ለዘር ከገበያ ገዝታችሁ ለሰው አትስጡ። ደብተርም ተገዝቷል፤ ሰጪው፣ ተቀባዩ፣ ተክሉ፣ ከነስሙና ከነቀኑ ይጻፍበታል። ደብተሩን እኛ እንይዛለን፤ ማየት የፈለገ ያያል።

«ይህ ሁሉ ለአንድ የሙዝ ቡቃያ?» ትሉ ይሆናል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ለአረንጓዴ አሻራ ወጥተን ስንተክል የተከልነውን ቆጥረን እንመዘግባለን፤ የጸደቀውን ግን ሄደን የምንቆጥር ስንቶቻችን ነን? በሰፈራችን የጸደቀውን የሚቆጥር አንድ ደብተር ቢኖር ማንንም አይጎዳም።

የፊታችን እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት የማኅበሩ ድንኳን በሚቀመጥበት ግቢ እንገናኝ። ሁሉም ቢላዋውን ወይም ገጀራውን ይዞ ይምጣ፤ ከሰልና በረኪና ከማኅበሩ ነው። 11ዱም እንዲመጡ በአክብሮት እንጠይቃለን፤ ጓሮ የሌላቸውም ቢሆን። የመጀመሪያው ችግኝ የሚሄደው እንሰታቸው ላለቀባቸው እናታችን ነው። በሽታው ካልደረሰበት ከላይኛው መንገድ ግቢ 6 የእንሰት ቡቃያ ታይቶ ተለይቷል፤ የሚተከለውም ከቤታቸው ፊት ለፊት በኩል እንጂ ከጀርባ አይደለም። ጉድጓዱን ኮሚቴው ይቆፍራል። እሳቸው ደግሞ ባዶ እጃችንን እንዳንመለስ ከጥላው ሥር ካለው ኮረሪማቸው ለ5 ሰው የሚሆን ሥር እንሰጣለን ብለዋል። ኮረሪማው ታይቷል፤ ደኅና ነው። የሚፈልግ ቀድሞ ደብተሩ ላይ ስሙን ያስመዝግብ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ኮሚቴው